ማመልከቻው ገብቷል፤ ከዚያስ?

ሾላ ገበያ በርበሬ የምገዛት ባለ ባልትና ከሚዛኗ በላይ፣ ንግድ ፈቃዷ በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ፣ በላስቲክ ያስለበጠችው አንድ ደረሰኝ ነበራት። የንግድ ምልክት ማመልከቻ ያስገባችበት ነው። «የት ደረሰልሽ?» ስላት «ገብቷል እኮ!» አለችኝ፣ እንደ ጨረሰ ሰው ፈገግ ብላ። ከዓመት በላይ ቆይታ ስትጠይቅ፣ ማስተካከያ ተጠይቆባት ደብዳቤ ወጥቶ እንደነበር ሰማች። ፎርሙ ላይ የሰፈረው ስልክ የእሷ አልነበረም፤ ፎርሙን የሞላላት ጉዳይ አስፈጻሚ ነው። ሰውየው ደግሞ ሲም ካርዱን ቀይሮ ከተሰወረ ቆይቷል። የመልስ ቀኑ አልፎ ስለነበር እንደገና አመለከተች። አዲስ ማመልከቻ አዲስ ቀን ይይዛል፤ በመካከሉ ተመሳሳይ ስም ያስገባ ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ ወረፋው ለእሱ ይሆን ነበር።

ማመልከቻ እንዴት እንደሚሞላ የሚነግርዎት ሰው አያጡም። ከገባ በኋላ ፋይሉን እንዴት እንደሚከታተሉ የሚነግርዎት ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ደረሰኙን ይዘው ለሚጠብቁት ነው፤ ሾላም ይሁኑ መገናኛ፣ ላምበረትም ይሁኑ ኮተቤ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮንም ይሁኑ እንጦጦ ግርጌ።

ወረቀቶቹን ይለዩ

በመጀመሪያ እጅዎ ላይ ያለው ወረቀት ምን እንደሆነ ይወቁ። የክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት በሰጠዎት ንግድ ፈቃድ ላይ የሰፈረው የንግድ ስም ነው። ድርጅትዎ የሚጠራበት ስም ማለት ነው። የንግድ ምልክት ሌላ ነው፤ ማሸጊያው ላይ የሚታተመው፣ ገዢው ከሌላው ዕቃ ለይቶ የሚያነሣበት ቃል፣ ሥዕል ወይም የሁለቱ ቅንጅት ነው። ይህን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 320 ሲቋቋም «ጽሕፈት ቤት» ይባል ስለነበር፣ የቆዩ ሰነዶች ላይ በዚያ ስም ቢያገኙት አይደናገጡ። የሚሠራበት ሕግ የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲሆን፣ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 273/2005 ነው። ንግድ ፈቃድዎን በየዓመቱ ስላደሱ ምልክትዎ ተጠብቆልኛል ብለው እንዳይቀመጡ፤ ሁለቱ አይገናኙም።

ቀጥሎ አንድ ደብተር ይግዙ። ስልክዎ ላይም መጻፍ ይችላሉ፤ ስልክ ግን ይጠፋል። በመጀመሪያው ገጽ የማመልከቻ ቁጥሩን፣ ማመልከቻው የገባበትን ቀን፣ የባለቤቱን ስም ፎርሙ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል፣ የዕቃውን ምድብ፣ እንዲሁም ፎርሙ ላይ የተሞላውን ስልክና አድራሻ ይጻፉ። የመጨረሻውን አይዝለሉት። የዚያች ባለ ባልትና ነገር የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። አድራሻው የእርስዎ ካልሆነ ወይም ከላምበረት ወደ የካ አባዶ ቤት ቀይረው ከሆነ፣ የማመልከቻ ቁጥሩን ጠቅሰው «አድራሻዬ ተቀይሯል» የሚል ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ያስገቡ። አንዱ ቅጂ ላይ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማህተም፣ ቁጥርና ቀን ሳያስመቱ ከመስኮቱ አይነሡ።

ስሙን ፊደል በፊደል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። የእኛ ፊደል ሀ፣ ሐ፣ ኀ አለው፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም አሉት። መታወቂያው ላይ «ኃይለ» የሆነ ሰው ፎርሙ ላይ «ሀይለ» ሆኖ ይገባና ፋይሉ ሲፈለግ «የለም» ይባላል። ምልክቱ ራሱም ላይ ይኸው ችግር አለ። «ፀሐይ በርበሬ» እና «ጸሃይ በርበሬ» በወረቀት ሁለት ይምሰሉ እንጂ በጆሮ አንድ ናቸው፤ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ደግሞ ሦስተኛና አራተኛ መልክ ያወጣሉ። መዝገብ ሲያስፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ይዘው ይሂዱ።

ምድብ የሚባለው ኒስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ አከፋፈል ነው። 45 ምድቦች አሉት፤ እስከ 34 ያሉት የዕቃ፣ የቀሩት 11 የአገልግሎት ናቸው። ለባልትና ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የተቆላ ቡና፣ ማር፣ እንጀራ ሁሉም 30 ውስጥ ይገባሉ። ቅቤ ግን 29 ነው፤ ያልተፈጨና ያልተቆላ እህል 31 ነው። የሽመና ልብስ 25፣ ምግብ ቤት 43 ነው። ደረሰኝዎ 30 ብቻ የሚል ከሆነና ቅቤም የሚሸጡ ከሆነ፣ ቅቤዎ ገና አልገባም። ለእሱ ሌላ ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ የገባውን ማመልከቻ በኋላ ማስፋት እንደሚቻል አድርገው አያስቡ።

ፋይሉ የሚያልፍባቸው ደጆች

ማመልከቻው በመጀመሪያ የፎርም ምርመራ ይደረግበታል፤ ወረቀቶቹ ተሟልተዋል ወይ፣ ክፍያው ተከፍሏል ወይ፣ የምልክቱ ናሙና ይታያል ወይ፣ ወኪል ካለ ውክልናው አለ ወይ። ይህን ሲያልፍ የፍሬ ነገር ምርመራ ይመጣል። መርማሪው ምልክቱ ሊመዘገብ ይችላል ወይ፣ ቀድሞ ከገባ ወይም ከታወቀ ምልክት ጋር ይምታታል ወይ ብሎ ያያል። ከዚያ ለተቃውሞ የሚጋብዝ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ተቃዋሚ ካልቀረበ ወይም ቀርቦ ከተረታ የምዝገባው ክፍያ ተከፍሎ ምስክር ወረቀቱ ይሰጣል።

እንግዲህ ሲጠይቁ «አለቀልኝ?» አይበሉ። ይህ ጥያቄ «ገና ነው» ከሚል ውጭ መልስ የለውም። የማመልከቻ ቁጥሩን ሰጥተው አራት ነገር ይጠይቁ፤ ፋይሉ ከነዚህ ደጆች በየትኛው ላይ ነው? በእኔ ስም የወጣ ደብዳቤ አለ? ከእኔ የሚጠበቅ ሰነድ ወይም ክፍያ አለ? ቀጥሎ መቼ ልጠይቅ? መልሱን ከቀኑና ከመለሰልዎት ሰው የሥራ ክፍል ጋር ደብተርዎ ላይ ይጻፉ። በእኔ ግምት በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። በየሳምንቱ የሚመላለስ ሰው ሱቁን ይዘጋል እንጂ ፋይሉን አያፋጥንም፤ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ደግሞ እንደ በርበሬ ሻጯ ይሆናል። ለሁለት ተከታታይ ወር አንድ ዓይነት መልስ ካገኙ በቃል መጠየቁን ትተው በጽሑፍ ይጠይቁ፤ እንደተለመደው በሁለት ቅጂ፣ በማህተም።

ጉዳዩን ወኪል የያዘው ከሆነ ክትትሉን ለእሱ ብቻ አይተዉ። የማመልከቻ ቁጥሩንና ማህተም ያረፈበትን ቅጂ ከእሱ ይቀበሉ፤ «እኔ ጋ ነው፣ አታስቡ» ቢል አይርኩ። ከተጣላችሁ ወይም ከጠፋ ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልናውን ይሻሩና መሻሩን ለባለሥልጣኑ በደብዳቤ ያሳውቁ። በወኪሉ አድራሻ ደብዳቤ መላኩ የሚቆመው ይህ ሲደረግ ነው።

ደብዳቤ ሲመጣ

ደብዳቤ መጣ ማለት ውድቅ ሆነ ማለት አይደለም። ከይዘቱ በፊት ሁለት ነገር ያንብቡ፤ የወጣበትን ቀንና ለመልስ የተሰጠውን የቀን ብዛት። የመጨረሻውን ቀን ቆጥረው ደብተሩ ላይ በቀይ ይጻፉ፤ ለራስዎ ግን ከዚያ ሁለት ሳምንት የቀደመ ቀን ይስጡ።

የጎደለ ሰነድ ከሆነ የተጠየቀው እሱ ነው፤ አምጥተው ይጨርሱ። ከበድ የሚለው የፍሬ ነገሩ ደብዳቤ ነው። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ላለ ነጋዴ ደግሞ አንድ የተለየ ወጥመድ አለ፤ የሰፈር ስም። ከተራራው ሥር የሚኖር ሰው ማሩን «እንጦጦ ማር» ቢለው ማን ይፈርድበታል? ሕጉ ግን የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ቃል ለአንድ ሰው አይሰጥም፤ ነገ ከዚያው ተራራ ማር የሚቆርጥ ሌላ ሰው ማሩ ከየት እንደመጣ የመናገር መብት ስላለው ነው። «ምርጥ በርበሬ» እና «ንጹህ ቅቤ»ም በዚሁ ይወድቃሉ።

መልሱን ሲጽፉ የደብዳቤውን ቁጥርና ቀን በመግቢያው ይጥቀሱና የተነሡትን ነጥቦች በተነሡበት ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ይመልሱ። ምልክትዎ ውስጥ «ባልትና» የሚል ቃል ካለና መርማሪው እሱን ካነሣ፣ «ባልትና» የሚለውን ለብቻው የእኔ ነው አልልም ብሎ መተው ይቻላል፤ የሚጠበቅልዎት ቅንጅቱ ይሆናል። ሰዎች ይህን እንደ ሽንፈት ያዩታል። እኔ አላየውም፤ ባልትናን ማንም ለብቻው ሊይዘው አይችልም፣ አይገባምም። ከሌላ ምልክት ጋር ይምታታል ከተባሉ የተጠቀሰውን ምልክት ምድቡንና ሁኔታውን ይመልከቱ፤ ጸንቶ ያለ ነው ወይስ የሚታደስበት ቀን ያለፈ? ዕቃው ከእርስዎ ጋር ይገናኛል? ስሙን ራሱን መቀየር ከፈለጉ ግን በዚያው ፋይል አይሆንም፤ አዲስ ማመልከቻ ነው።

ቡናችን በዚህ መንገድ አልፏል

ደብዳቤ መጥቶባቸው ተስፋ ለሚቆርጡ የምነግረው አንድ ታሪክ አለ። ይኸው የእኛ የአእምሯዊ ንብረት መሥሪያ ቤት ራሱ አመልካች ሆኖ ወረፋ ጠብቋል። በማርች 2005 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን መንግሥት ወክሎ ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች ለአሜሪካ የፓተንትና የንግድ ምልክት ቢሮ አቀረበ። መሥሪያ ቤቱን የሚመሩት አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ነበሩ። ሦስቱ አብረው ገብተው አብረው አልወጡም። ይርጋጨፌ በኦገስት 2006 ተመዘገበ። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር የሐረርን ምዝገባ ተቃወመ፤ ቢሮውም ሐረርን፣ በኋላም ሲዳሞን ስሞቹ የቡናውን ዓይነት የሚናገሩ ናቸው ብሎ አልቀበልም አለ። ሲዳሞ ፊት ደግሞ ሌላ ነገር ተጋድሞ ነበር፤ የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ በ2004 «ሺርኪና ሰን ድራይድ ሲዳሞ» የሚል ማመልከቻ ቀድሞ አስገብቷል። በ2006 ያ ማመልከቻ ተተወ፤ በጁን 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ተስማሙ። የተከለከሉት ስሞች ማስረጃና ክርክር ቀርቦባቸው በ2008 ተመዘገቡ።

ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ነገር ይህ ነው፤ የእኛ ሰዎች ከሲዳሞ ፊት ምን እንደተጋደመ ያወቁት መዝገቡን ስላዩ ነው። የእርስዎም ፋይል ቆሟል ከተባለ ከፊቱ ማን እንዳለ ይጠይቁ። አንዳንዴ መሰናክሉ ራሱ ይነሣል፤ ሲነሣ ግን የሚያውቀው የሚከታተል ሰው ነው።

ስልሳው ቀን

ምርመራውን ያለፈ ምልክት በመሥሪያ ቤቱ ጋዜጣ ወይም ሰፊ ስርጭት ባለው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ ወጪው የአመልካቹ ነው። ማስታወቂያው የወጣበትን እትም ሁለት ቅጂ ገዝተው ያስቀምጡ፤ አንዱ ለፋይሉ፣ አንዱ ለእርስዎ። ሥዕሉና ስሙ እርስዎ ያስገቡት መሆኑን ያመሳክሩ። የተሳሳተ ፊደል ካለ ያኔውኑ ያመልክቱ፤ ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ማረም አድካሚ ነው።

ከማስታወቂያው ቀን ጀምሮ ተቃውሞ ለማቅረብ 60 ቀን አለ። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሰው «ሁለት ወር» ብሎ ያልፈዋል፤ ጳጉሜን ግን ይረሳል። ማስታወቂያው ሐምሌ 20 ቢወጣ ሁለት ወር የሚቆጥር ሰው መስከረም 20 ይላል። በትክክል ሲቆጠር እስከ ነሐሴ 30 አርባ ቀን ይሆናል፣ አምስቱ የጳጉሜን፣ አሥራ አምስቱ የመስከረም ናቸው። የሚያልቀው መስከረም 15 ነው። ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት፣ ለምሳሌ በ2019 መጨረሻ፣ መስከረም 14 ይሆናል። ለአመልካቹ ይህ የሚቸግር አይደለም፤ የእርስዎን ስም የሚመስል የሌላ ሰው ማስታወቂያ አይተው መቃወም ሲፈልጉ ግን አምስቷ ቀን በሩን ትዘጋብዎታለች። ስለዚህ የራስዎን ፋይል ሲጠብቁ የሌላውንም ማስታወቂያ ያንብቡ። ጋዜጣ መቁረጥ የለመደ የቤተሰብ አባል ካለዎት ለእሱ ይስጡት።

ተቃውሞ ከመጣብዎት ቅጂው ይደርስዎታል፤ መልስ ይሰጣሉ፤ ባለሥልጣኑ ሁለቱንም ወገን ሰምቶ ይወስናል። ውሳኔው ያልተስማማው በይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እዚህ ደረጃ ላይ ጠበቃ ቢይዙ ገንዘቡ የባከነ አይመስለኝም። ጉዳዩ የሚዞረው በማስረጃ ላይ ነው፤ ስሙን መቼ ጀመሩ? ማን ያውቀዋል? የመጀመሪያውን ማሸጊያ፣ የማተሚያ ቤቱን ደረሰኝ፣ የቆየ የሽያጭ ደረሰኝ፣ የባዛር ፎቶግራፍ ዛሬውኑ በአንድ ፖስታ ይሰብስቡ።

እስከዚያው

በአዋጁ መሠረት የምልክቱ ባለቤትነት ተገኝቶ በሌሎች ላይ የሚጸናው የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት «የተመዘገበ» የሚል ወይም ክብ ውስጥ የገባችውን የአር ምልክት የያዘ አሥር ሺህ ላስቲክ አያሳትሙ። በዚህ መሐል ማሸጊያዎን የሚገለብጥ ሰው ቢመጣ ባዶ እጅዎን አይደሉም፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ገዢውን በሚያምታታ ንግድ ላይ መንገድ ይከፍታል። ከምስክር ወረቀቱ በኋላ ግን ክንድዎ ይጠነክራል፤ ሆን ብሎ ምልክትዎን የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

ሌላው መጠንቀቅ ያለብዎት የማያውቁት ሰው የሚልከው የክፍያ ጥያቄ ነው። የማስታወቂያና የምዝገባ መረጃ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ በዓለም ላይ አመልካቾችን እያሳደዱ «ይህን ያህል ክፈሉ፣ አለዚያ ይሰረዛል» የሚሉ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ ሆነው በአሜሪካ ያመለከቱ ወገኖች ይህን የበለጠ ያውቁታል። እነሱ የማመልከቻ ቁጥራቸውን በቢሮው ገጽ ላይ አስገብተው እያንዳንዱን ደብዳቤ ቤታቸው ሆነው ማየት ስለሚችሉ የመጣውን ጥያቄ እዚያው ያመሳክሩ። እዚህ ያለን ደግሞ በስልክ የተጠየቅነውን ገንዘብ ከመላካችን በፊት መስኮቱ ድረስ ሄደን እንጠይቅ።

ምስክር ወረቀቱ ሲወጣ

ሲቀበሉ ስሙን፣ ሥዕሉን፣ ምድቡን፣ የዕቃ ዝርዝሩን እዚያው ቆመው ያንብቡ። ከዚያ የማመልከቻ ቀኑን ይፈልጉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ምዝገባው የሚጸናው ለ7 ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ነው። ኅዳር 2017 አመልክተው ምስክር ወረቀቱን ኅዳር 2019 ቢቀበሉ የቀረዎት አምስት ዓመት ነው፤ የሚያበቃው ኅዳር 2024 ነው። እድሳቱ እንደገና 7 ዓመት ይሰጣል። ምልክቱን ሳይጠቀሙበት ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ ካለፈ ደግሞ ሌላ ሰው ይሰረዝልኝ ሊል ይችላል፤ ስለዚህ የሽያጭ ደረሰኝ የሚጠራቀምበትን ፖስታ ምስክር ወረቀቱ ወጣ ብለው አይጣሉት።

የሾላዋ ባለ ባልትና ሁለተኛው ማመልከቻዋ አሁን ማስታወቂያ ላይ ነው። ደረሰኙን ከግድግዳው አውርዳ ደብተሯ ውስጥ አስገብታዋለች፤ ፎርሙ ላይ ያለው ስልክም የራሷ ነው። የእርስዎ ፋይል የትኛው ደጅ ላይ እንዳለ አሁን ቢጠየቁ መመለስ ካልቻሉ፣ የማመልከቻ ቁጥሩን ይዘው በዚህ ሳምንት ይሂዱ።